አራተኛዋ ጅግራ

የላሚሲ አስከሬን የተገኘው ከግቢዋ ጀርባ፣ ማሽላው አልቆ ረጅሙ ሣር በሚጀምርበት ቦታ ነው። በጎኗ ተኝታለች፤ ቀኝ እጇ ወደ አንድ የጅግራ ጎጆ ተዘርግቷል። ከአውራ ጣቷ ሥር ሁለት ቀዳዳ ይታያል። የመንደሩ የዛቢሲ ሰው አየና «እባብ» አለ። መቃብር ቆፋሪዎች ወዲያው ተጠሩ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን እጇን ገልብጣ ካየችው በኋላ «ይህ እጅ አላበጠም፤ የመቅበሪያ ወረቀት አልጽፍም» ብላ ቦልጋታንጋ ወደሚገኘው ፖሊስ ጣቢያ ደወለች።

የመጣችው ኢንስፔክተር አቲፖካ ናት። ቀጭንና አጭር ሴት ስትሆን ለጡረታዋ የቀራት ስምንት ወር ነው። ከመኪናዋ ስትወርድ የኮላ ፍሬ ታኝክ ነበር። ሬሳው አጠገብ ስትደርስ ግን ተፋችው፤ ተንበርክካም ብዙ ቆየች። የሟችን እጅ አየች፤ የሟችን እግር አየች፤ ባዶውን ጎጆ አየች። ሟች ባዶ እግሯን ናት። በጎጆው ውስጥ አንድም እንቁላል የለም።

«ልጄ፣ አይበቃሽም?» አሉ ከጀርባዋ የቆሙት ሽማግሌ። አቡግሬ ይባላሉ፤ የሟች ባል ታናሽ ወንድምና የግቢው አባወራ ናቸው። «ፀሐዩን ተመልከቺው እንጂ። በእባብ የሞተ ሰው ቶሎ ካልተቀበረ ለቤቱ መልካም አይደለም።»

«እባቡን ያየው ማን ነው አባቴ?»

«እባብ ነድፎ ቆሞ ይጠብቃል እንዴ?»

«እውነትዎን ነው።» ጉልበቷን እያራገፈች ተነሣች። «ከእርሷ ጋር ተስማምታችሁ ነበር የምትኖሩት?»

ሽማግሌው መልስ ከመስጠታቸው በፊት አሻግረው ማሽላውን ተመለከቱ። «ሰኔ ላይ ከእርሷ ጅግሮች አንዷን ለአባቶቻችን አረድኩ። ሳልጠይቃት ነው። እንቁላል በመጣል የምትበልጠዋ ኖራለች። ከዚያ ወዲህ የእግዜር ሰላምታ ነፍጋኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ተዘጋግተናል። ይኸው ሳንታረቅ ሄደች። ይህንን ከሌላ ከምትሰሚው ብዬ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«የለውዝ ማሳዬ ላይ። ብቻዬን። ምስክር የለኝም።»

አስከሬኑ ወደ ከተማው ሆስፒታል እንዲወሰድ አዘዘች። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ጥለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ።

የላሚሲ ግቢ ሰባ ጅግሮች የሚውሉበት ግቢ ነው። በአካባቢው ሚስት የሚጠይቅ ወጣት ሁሉ ለአማቶቹ የሚወስደውን ጅግራ የሚገዛው ከእርሷ ነበር። አቲፖካም የጅግራ ቤት ልጅ ናት። በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ግቢውን ለቀመችው። በጫጩቶቹ አጥር አጠገብ የሴት ሰንደል ጫማ ጥንዱ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ እጀታው ክንድ ተኩል የሚሆን የቅል ጭልፋ ተሰቅሏል። ከአጥሩ ውስጥ አምስት ጫጩቶች በጀርባቸው ተዘርረው ሞተዋል። ከበሩ ጥግ ደግሞ የመንገድ ቅርጫት አለ፤ በውስጡ እግራቸው የታሰረ ሦስት ትልልቅ ጅግሮች፣ እህልና ውሃ ቀርቦላቸዋል።

አንዱን ጫጩት አንሥታ ላባውን በጣቷ ለየችው።

«ዝናብ ነው የገደላቸው» አለች አንዲት ወጣት ከበሩ ሥር። ታላታ ናት፤ የሟች ልጅ፣ በገበያ ልብስ ሰፊ። ዓይኗ አብጧል፤ እንባ ግን የላትም። «የጅግራ ጫጩት ከረጠበ አያድርም።»

«መቼ ነው የዘነበው?»

ልጅቷ አሰበች። «ከአራት ቀን በፊት።»

«ደረቅ ናቸው» አለች አቲፖካ። ጫጩቶቹን በጨርቅ ጠቅልላ ለነጂዋ ሰጠችና ከታላታ አጠገብ ተቀመጠች። «እነዚህ በቅርጫት ያሉት የማን ናቸው?»

«የእኔ። ማለቴ... አካዩሬ ያመጣቸው ናቸው። እጮኛዬ። ከሦስት ሳምንት በፊት አራት አምጥቶ እናቴን ጠየቀ። እናቴም ተቀበለችው። እንግዳ ጅግራ ስለሆኑ ቤቱን እስኪለምዱ ዘግታባቸው ነበር።»

«አራተኛዋስ?»

«በእኔ ጥፋት አመለጠች። ባለፈው ሰኞ በሩን ሳልዘጋው ሄድኩ። እናቴ ማክሰኞ ማለዳ ልትፈልጋት ወጥታ ማታ ተመለሰች። ገንፎ አቀረብኩላት፤ አልቀመሰችም። ‹አገኘሻት?› ብላት ‹አገኘኋት› አለች። ታዲያ የት አለች ብላት ዝም አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ልወጣ ስል እነዚህን ሦስቱን እያሰረች ነበር። ልትሸጣቸው መስሎኝ ተቆጣሁ። የመጨረሻ ቃላችን ቁጣ ነው።»

አቲፖካ ስልኳን እንድታሳያት ጠየቀቻት። ትናንት ማታ ወደ አካዩሬ ሁለት ደቂቃ የፈጀ ጥሪ ተደርጓል።

«እኔ አልደወልኩም» አለች ታላታ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «እናቴ ‹ስልክሽን አውሺኝ› ብላኝ ነበር።»

«ያን ሣር ውስጥ ያለ ጎጆ የሚያውቀው ማን ነው?»

«የቤቱ ሰው። አካዩሬንም አሳይቼዋለሁ። እንደ ሕፃን ነበር የሳቀው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ቅርጫቱ ሄዳ አንዷን ጅግራ ብድግ አደረገቻት። ጅግራዋ ጮኸች። የግራ እግሯ የኋላ ጣት ጫፍ ተቆርጧል። ሌሎቹም እንዲሁ። አቡግሬን ጠርታ አሳየቻቸው።

«ይህ የማን ምልክት ነው አባቴ?»

«የእኛ አይደለም። የኋላ ጣት የሚቆርጡት ከወንዙ ማዶ ያሉት ናቸው፤ ናጎንጎዎች።»

አካዩሬ ከለቀስተኞቹ መካከል፣ በግቢው ፊት ባለው ትልቅ የባኦባብ ዛፍ ጥላ ሥር ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ሸሚዙን የተኮሰ፣ ለሽማግሌዎቹ ቦታ የሚለቅና ውሃ የሚያቀብል ሰው ነው። በከተማ የተባይ መድኃኒት መሸጫ ሱቅ አለው። ኢንስፔክተሯ ስትቀርብ ተነሣላት።

«ይቀመጡ እናቴ።»

«ተባረክ። ከላሚሲ ጋር ከተነጋገራችሁ ስንት ቀን ሆናችሁ?»

«አንድ ሳምንት ይሆናል። ዛሬ ቀትር ላይ ታላታ ደውላ አረዳችኝ።»

«ያመጣሃቸውን ጅግሮች አየኋቸው። ያምራሉ። ከማን ገዛሃቸው?»

«ኧረ አልገዛኋቸውም! ለአማት የገበያ ጅግራ ይወሰዳል? እኔው ነኝ ከጫጩት ያሳደግኳቸው፤ ከተማ፣ ከቤቴ ጓሮ።»

«ጎበዝ። እኔም ጡረታ ስወጣ ጥቂት ላረባ አስቤ ነበር። እስቲ ምከረኝ፤ ገዝቼ ሳመጣ ስንት ቀን ልዝጋባቸው?»

«መዝጋት ምን ያደርጋል? የመጡ ዕለት መልቀቅ ነው። እህል ካዩ የት ይሄዳሉ?»

«እንቁላሉንስ?»

«ጠዋት ጠዋት መልቀም ነው።» ራሱን ነቀነቀ። «እኚህ እናትም ለዚያው ብለው በማለዳ ወጡ። ለአስራ አንድ እንቁላል ብሎ ሰው ይሞታል? እግዚአብሔር ያሳይዎ።»

«ያሳየኛል» አለች አቲፖካ፤ አመስግናውም ሄደች።

ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘችው የሟች ምራት አሲቢ ናት። ባሏ ደቡብ አገር፣ ኮኮዋ እርሻ ውስጥ ይሠራል፤ እርሷ ከአማቷ ጋር በአንድ ግቢ ትኖራለች። ቅቤ የሚወጣውን የሺያ ዛፍ ፍሬ ለቅማ ስትመለስ በአራት ሰዓት ግድም እንዳየቻት ተናገረች። ስትናገር ግን ዓይኗ ደጋግሞ ጥግ ወዳለው የሸክላ ድስት ይሄድ ነበር።

«ድስቱ ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም። ባዶ ነው።»

«ባዶ ድስት በጨርቅ ይሸፈናል?»

አሲቢ ቁጭ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ገደለቻት እንዳይሉኝ ብዬ ነው። ደግሞስ ቢሉኝ ምን ይደንቃል! ‹መካን› ስትለኝ፣ ‹ጅግራ እንኳ በዓመት ትወልዳለች› ስትለኝ ጎረቤት ይሰማ ነበር። ግን ስትታመም ያስታመምኳት እኔ ነኝ፤ ጀርባዋን ያጠብኳት እኔ ነኝ። እኔ...»

«ድስቱን ክፈቺው።»

ትንንሽ፣ ሹል፣ ጠቃጠቆ ያለባቸው እንቁላሎች ነበሩ።

«ከአጠገቧ ቅርጫት ውስጥ ነበሩ» አለች አሲቢ በቀጭን ድምፅ። «ሰው ከመጣ ይወስዳቸዋል ብዬ... ከሬሳ አጠገብ እንቁላል ይነሣል? አነሣሁ። ቅርጫቱንም ይዤ ገባሁ፤ ከዚያ ወጥቼ ጮህኩ። ርቦኝም አይደል። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም።»

«ስንት ናቸው?»

«አስራ አንድ።»

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማን እናገራለሁ? ምን ብዬ?»

በማግሥቱ አቲፖካ ወንዙን ተሻግራ ናጎንጎ ገባች። የተቆረጠውን የጅግራ ጣት ምልክት እየተናገረች ከግቢ ግቢ ጠየቀች። በሦስተኛው ግቢ አንዲት አሮጊት በር ላይ ተቀምጣ ለውዝ ትፈለፍል ነበር። ከእግሯ ሥር አንዲት ጅግራ ትለቅማለች፤ በእግሯ ላይ የተበጠሰ የገመድ ቁራጭ ተንጠልጥሏል።

አሮጊቷ የፖሊስ ልብሱን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አሁን ነው የምትመጡት?» አለች። «እኔ እኮ አንድ ዓመት ጠበቅኳችሁ።»

በሦስተኛው ቀን የሆስፒታሉ ምርመራ ተጠናቀቀ፤ አስከሬኑም ለቀብር ተመለሰ። አቲፖካ ከመቅበራቸው በፊት የቤቱ ሰው ሁሉ ከባኦባቡ ሥር እንዲሰበሰብ ጠየቀች። አቡግሬ በበርጩማቸው ላይ፣ ታላታና አሲቢ በምንጣፍ ላይ፣ አካዩሬ ከታላታ ጎን ተቀመጡ። ሁለት ፖሊሶች ከግንዱ ጀርባ ቆመዋል። ዝንቦቹን የሚያባርር አልነበረም።

«ላሚሲን እባብ አልነደፋትም» ብላ ጀመረች። «እባብ የነደፈው ሥጋ ያብጣል፣ ይጠቁራል። የእርሷ እጅ ደም እንኳ አልወጣውም። ቀዳዳዎቹ የተበሱት ከሞተች በኋላ ነው፤ በእሾህ ይመስለኛል።»

ሰዉ አጉረመረመ።

«በክረምት እባብ ወዳለበት ሣር የገባች ሴት ሰንደሏን ቤቷ ትታ ትሄዳለች? ሰንደሏ ከጫጩቶቹ አጥር አጠገብ ነበር። ስለዚህ በእግሯ አልሄደችም፤ ተሸክመው ወሰዷት። ደግሞ ጎጆውን ተመልከቱት፤ አንድም እንቁላል አልቀረም። አባቴ አቡግሬ፣ ላሚሲ እንቁላል እንዴት ነበር የምታነሣው?»

«በጭልፋ» አሉ ሽማግሌው። «የሰው እጅ ከሸተታት ጅግራ ጎጆዋን ትጥላለች። ደግሞ ሦስት አራት ትተውላታለች እንጂ ሙልጭ አድርገው አይወስዱባትም። ይህንን ሕፃንም ያውቃል።»

«በስንት ሰዓት?»

«ከቀትር በኋላ ነዋ። ጅግራ በማለዳ መች ትጥላለች?»

«ጭልፋው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ስለዚህ ያንን እንቁላል የለቀመው ሰው የላሚሲ ቤት ሰው ያልሆነ፣ ጅግራም አርብቶ የማያውቅ ሰው ነው። አሲቢ ይህንን አትስትም። እርስዎም አይስቱም።»

አካዩሬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዲያ እኚህን እናት ምን ገደላቸው?»

«መርዝ። የማሽላ ተባይ የሚገደልበት። ለሰላምታ በሚቀርበው የዱቄት ውሃ ተበጥብጦ ነው የተሰጣት። የተረፈው በጫጩቶቹ አጥር ውስጥ ተደፋ፤ እነርሱም ለቀሙት። አምስቱም በደረቅ ላባቸው ሞቱ። በሆዳቸው የተገኘውና በላሚሲ ሆድ የተገኘው አንድ ነው።»

«እንዲህ ያለ መርዝ በየገበሬው ቤት አለ።»

«አለ። አንተ ግን አስራ አንድ እንቁላል አልከኝ።»

አካዩሬ የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ።

«አሲቢ እንቁላሎቹን ሰው ሳይመጣ አነሣቻቸው። ሬሳውን ለማየት ከመጣው ሁሉ እንቁላል ያየ የለም። ስንት እንደነበሩ የሚያውቁት እርሷና የለቀማቸው ሰው ብቻ ናቸው።»

አሲቢ አንገቷን ደፋች። ታላታ ከአካዩሬ ጎን ቀስ ብላ ተነሥታ ራቀች። እርሱ እጇን ሊይዝ ሞከረ።

«ታላታ፣ አታምኛትም አይደል? እናትሽን ለምን እገድላለሁ? ልጇን ሰጥታኝ፣ ጅግሮቼን ተቀብላኝ!»

«መልሳልህ ነበር» አለች አቲፖካ። «በነፍስ ያለ የአማች ጅግራ በቅርጫት ታስሮ፣ ለመንገዱ እህልና ውሃ ቀርቦለት በር ላይ ሲቀመጥ ትርጉሙ ምን እንደሆነ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ‹ልጄን አልሰጥህም› ማለት ነው። ይህንንም ማታ በልጇ ስልክ ነግራሃለች። አንተ ግን ሳምንት ሙሉ አልተነጋገርንም አልከኝ።»

«እንቢ ያለ አማት ሁሉ ይገደላል እንዴ?»

«አይገደልም። ላሚሲ አንድ ነገር ስላየች ነው።» ወደ መኪናው ዞር ብላ እጇን አነሣች። «ጅግራ ሳይለምድ ከተለቀቀ ወደ ተፈለፈለበት ቤት ይመለሳል። ለዚህ ነው ገዝተን ስናመጣ የምንዘጋበት። አንተ ይህንን አታውቅም። አራተኛዋ ጅግራ ስታመልጥ ላሚሲ ምልክቱን እየጠየቀች ተከተለቻት። ጅግራዋ ግን ከተማ፣ አንተ ጓሮ አልሄደችም።»

ከመኪናው ያች አሮጊት ወረደች። ጅግራዋን በብብቷ ይዛለች። እግሯን እየጎተተች ባኦባቡ ሥር ደረሰች። አካዩሬ ሲያያት ከንፈሩ ነጣ።

«ተኒ እባላለሁ» አለች አሮጊቷ። «ልጄ ላሪባ የዚህ ሰው ሚስት ነበረች። አምና በዚሁ ወር እንጨት ስትለቅም እባብ ነደፋት አለኝ። እጇ ላይ ሁለት ቀዳዳ ነበር። አላበጠም። ‹ለምን አላበጠም?› ብዬ ጠየቅኩ። ‹ሐዘን አዙሮሽ ነው› አሉኝና ከሰዓት በኋላ ቀበሯት። ሲሄድ ጅግሮቿን ጭኖ ሄደ። የማን እንደሆኑ አትጠይቁኝ፤ እኔ ቤት ተፈልፍለው ከእጇ እያበላች ያሳደገቻቸው እርሷ ናት። እናትሽ ማክሰኞ ዕለት መጣች፣ ልጄ» ብላ ወደ ታላታ ዞረች። «ይህችን ጅግራ ከበሬ ላይ አገኘቻት። ሁሉንም ነገርኳት። አብረን አለቀስን። ‹እኔ ልጄን አወጣታለሁ› ብላኝ ሄደች።»

«ሚስት ነበረችኝ፤ ሞተች!» አለ አካዩሬ። «ሚስት የሞተበት ሰው ወንጀለኛ ነው?»

«አላገባሁም ነበር ያልከኝ» አለች ታላታ። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «ሴት ነክተህ እንደማታውቅ ምለህልኛል።»

«ላሚሲ በደግነቷ ተሳሳተች» አለች አቲፖካ። «ልጇ በሕዝብ ፊት እንዳታፍር ብላ ለእኛ ሳትነግር ለራሱ ነገረችው። ጅግሮችህን ውሰድና ሂድ አለችው። ጠዋት ግቢው ባዶ በሚሆንበት ሰዓት እግሯ ላይ ለመውደቅ የመጣ መስሎ መጣ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ያቀረበው ውሃ እንቢ አይባልም። ትናንት የላሪባ መቃብር እንዲከፈት ፈቃድ ወጥቷል። በዚያም የሚገኘውን የምታውቀው ይመስለኛል።»

አካዩሬ ዙሪያውን አየ። ፖሊሶቹ ተጠግተዋል። ተኒ ልታየው እንኳ አልፈለገችም፤ የጅግራዋን ጀርባ ትደባብሳለች። ያ ሳይሆን አይቀርም የሰበረው።

«ላሪባ ትታኝ ልትሄድ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ዕቃዋን ቋጥራ ነበር። ሚስቱ የጣለችው ተብዬ ልኑር? ይችኛዋም በየገበያው ልታወራብኝ ነበር።»

«አታወራብህም ነበር» አለች ተኒ። «እኔንም ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ነበር።»

እጁን ሲያስሩት ሴቶቹ እሪ አሉ። አቡግሬ በበትራቸው ሊመቱት ተነሡ፤ አሲቢ ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች። ወደ መኪናው ሲወስዱት ከንፈሩን ላሰና «ውሃ» አለ። የተንቀሳቀሰ ሰው አልነበረም። ታላታ ገብታ በቅል ውሃ ይዛ ወጣች። በፊቱ ቆማ፣ እንደ አገሩ ወግ መጀመሪያ ራሷ ተጎነጨችና ወደ እርሱ ዘረጋችው።

«ጠጣ» አለችው። «የእናቴ ቤት ውሃ ነው።»

እጁ የታሰረው ከፊቱ ነበር፤ ቅሉን ሊይዝ ግን አልቻለም። ውሃው በሸሚዙ ላይ ፈሰሰ።

መኪናው ከሄደ በኋላ ታላታ ኢንስፔክተሯን «እኔ ነኝ ጎጆውን ያሳየሁት» አለቻት። አቲፖካ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት። «የገደላት እርሱ ነው» አለች። ልጅቷ ይህንን የሰማች አይመስልም ነበር።

ላሚሲ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ተቀበረች። ተኒ እንደ ቤተ ዘመድ በመቃብሩ ራስጌ ቆመች፤ አቡግሬ ናቸው ይህንን ቦታ የሰጧት። በላሪባ አፅም ላይ የተገኘው ለፍርድ ቤቱ ምስክር ሆነ፤ አካዩሬም ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ታላታ የልብስ ስፌቱን ተወች። በመከሩ ወቅት ወንዙን ተሻግራ ናጎንጎ ሄደች፤ የለውዙን ማሳ የሚያግዛት ልጅ ለሌላት ለአሮጊቷ ተኒ ለውዝ ልትነቅልላት። ሦስት ቀን ልትቆይ ነበር የሄደችው። ጥር ሲገባም አልተመለሰችም።